በቴክኒክ ኮሌጅ የሠለጠነ የሒሳብ ሠራተኛና የንግድ ቤቱ ድርሻ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለሊቃውንት ብቻ የተነገረ ይመስላል እንጂ ለነጋዴም እጅግ የሚስማማ ቃል ነው። አንድ ሰው በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጨውና ሳሙና በሚሸጥበት ጊዜ የሰጠውንና የተቀበለውን በልቡ ይዞ ሊያድር ይችል ይሆናል። ንግዱ ሰፍቶ ከባንክ፣ ከመድን ድርጅት፣ ከጉምሩክና ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን ልብ ብቻውን አይበቃም። መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡንም በሥርዓት የሚይዝ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን የመሰለውን ሠራተኛ በሚመለከት ከሁለት ወገን የሚሰማ ቅሬታ አለ። ነጋዴዎች «ከኮሌጅ የሚወጡት ወጣቶች ወረቀት ይዘው ይመጣሉ እንጂ ሥራ አያውቁም» ይላሉ። ወጣቶቹም በበኩላቸው «ሥራ ሳንይዝ የሥራ ልምድ አምጡ እንባላለን፤ ከየት እናምጣው?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለበት። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚሰጠው የሒሳብና የፋይናንስ ትምህርት ወጣቱን ለየትኛው ሥራ እንደሚያዘጋጀው፣ ትምህርቱ የሚጎድለው ምን እንደ ሆነና ጎደሎውን መሙላት የንግድ ቤቱ ፋንታ መሆኑን ነው።

1ኛ. የንግድ ትምህርት በአገራችን

የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር አስተዳደሩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ በኩል በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበር። የነጻነት ዘመን ከተመለሰ በኋላ ግን መንግሥቱም፣ ባንኩም፣ የንግድ ቤቶቹም የአገር ልጆች የሆኑ ጸሐፊዎችና መዝገብ ያዦች አስፈለጓቸው። ስለዚህም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ይህም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ኮሜርስ» እያለ የሚጠራው፣ በኋላ ኮሌጅ ሆኖ በመጨረሻም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተጠቃለለው ነው። የአዲስ አበባ የንግድ ምክር ቤትም የተመሠረተው በዚያው ዘመን፣ በ1939 ዓ.ም. ነበር። የንግዱ ማኅበርና የንግዱ ትምህርት ቤት በጥቂት ዓመታት ልዩነት መቋቋማቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ነጋዴ ያለ ሒሳብ አዋቂ፣ ሒሳብ አዋቂም ያለ ነጋዴ ሊኖር አይችልምና።

ዛሬ ይህ ሙያ በመንግሥትም በግልም በተቋቋሙ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየክልሉ ይሰጣል። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ሆኖ፣ ተማሪው ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ እያንዳንዱን ሲጨርስ የብቃት ምዘና ይፈተናል። በተለመደው አነጋገር «ሲ.ኦ.ሲ.» የሚባለው ይኸው ምዘና ነው። በዝቅተኛው ደረጃ የጽሕፈት ቤት ሥራ መጀመሪያ፣ ከዚያ በላይ የሒሳብና የበጀት አገልግሎት ሥራ ይማራል።

2ኛ. ተማሪው የሚማረው ነገርና የሚገባበት ሥራ

በኮሌጁ ከሚሰጡት ትምህርቶች ዋና ዋናዎቹ የመዝገብ አያያዝ፣ የጥሬ ገንዘብና የባንክ ሒሳብ ቍጥጥር፣ የዕቃ መዝገብ፣ የደመወዝ ዝርዝር ዝግጅት፣ የግብር ማስታወቂያ አሞላል፣ የበጀት አሠራርና በኮምፒዩተር የሒሳብ ሥራ ናቸው። ይህን የተማረ ወጣት በገንዘብ ያዥነት፣ በረዳት የሒሳብ ሠራተኛነት፣ በዕቃ መዝጋቢነት፣ በደመወዝ ከፋይነት፣ እንዲሁም በባንክና በአነስተኛ ብድር ተቋማት በጀማሪ ሠራተኛነት ሊቀጠር ይችላል።

የኮሌጁ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲው ያነሰ ነው ተብሎ መናቅ አይገባውም፤ ዓላማው የተለየ ነው። የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ወደ ፊት የድርጅቱን ገንዘብ እንዲያቅድና እንዲመረምር ይማራል። የቴክኒክ ኮሌጁ ተማሪ ግን ደረሰኙን በዕለቱ እንዲመዘግብ፣ ቼኩን እንዲያመሳክር፣ የዕቃውን ካርድ ከመደርደሪያው ጋር እንዲያስተያይ ይሠለጥናል። ዕለታዊው ሥራ ያልተሠራበት ቤት የሚመረምረው ሒሳብ አይኖረውም።

ሕጉም ይህን ሥራ ግዴታ አድርጎታል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም የመዝገብን ግዴታ አልተወም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 የወጣው አዋጅ ቍጥር 847 ደግሞ የሒሳብ ሪፖርት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲዘጋጅ ደንግጎ፣ ይህን የሚቈጣጠር የሒሳብ አያያዝና የኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም አድርጓል። ስለዚህ መዝገብ መያዝ ለሚፈልግ ብቻ የተተወ ነገር አይደለም።

3ኛ. ሁለት ወገን ያለው መዝገብ

ከትምህርቱ ሁሉ መሠረቱ የሁለት ወገን መዝገብ ነው። ይህን አሠራር ጣሊያናዊው መነኵሴ ሉካ ፓቾሊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ገልጾታል፤ እርሱ ከመጻፉም በፊት የጣሊያን ነጋዴዎች ይሠሩበት ነበር። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ወደ ቤት የገባ ነገር ሁሉ ከአንድ ስፍራ የመጣ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ሥራ በሁለት ወገን ይጻፋል።

ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ የ80,000 ብር ሳሙና ገዝቶ 30,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ቢከፍልና 50,000 ብር በዱቤ ቢቀርበት፣ በዴቢት ወገን ዕቃ 80,000 ብር ይጻፋል። በክሬዲት ወገን ደግሞ ጥሬ ገንዘብ 30,000 ብር፣ የአቅራቢው ዕዳ 50,000 ብር ይጻፋል። ሁለቱ ወገን እኩል ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችና ብዙ አሠሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የሁለቱ ወገን እኩል መሆን መዝገቡ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ጸሐፊው የ50,000 ብሩን ዕዳ በስሕተት በሌላ አቅራቢ ስም ቢጽፈው ሚዛኑ አሁንም እኩል ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ አቅራቢ ያላበደረውን ሲከፈለው፣ ያበደረው ግን ይከለከላል። እንዲሁም ደረሰኙ ጭራሽ ሳይመዘገብ ቢቀር ሚዛኑ አይዛባም። ስለዚህ ከመዝገብ አጻጻፍ የሚበልጥ አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም መዝገቡን ከመዝገቡ ውጭ ካለው ነገር ጋር ማስታረቅ ነው፤ የባንኩን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ፣ የዕቃውን ካርድ ከመጋዘኑ፣ የተበዳሪውን ሒሳብ ከተበዳሪው ጋር። የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ዋጋው የሚለካው በዚህ ነው ብለን እናምናለን።

4ኛ. የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ

ይህን ትምህርት በምሳሌ ለማስረዳት የጽሑፉ አዘጋጅ ራሱ ያየውን እናቀርባለን። ቍጥሩን ለትምህርት እንዲመች አቅልለነዋል።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የጅምላ ንግድ ቤት በሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ከኮሌጅ በጥሩ ውጤት የወጣች አንዲት ወጣት በገንዘብ ያዥነት ተቀጥራ ሦስት ወር ሆኗታል። በወሩ መጨረሻ በመዝገባችን በባንክ ያለን ገንዘብ 486,300 ብር ነበር። ባለቤቱ ከባንኩ ያስመጡት መግለጫ ግን 442,750 ብር ብቻ አሳየ። ልዩነቱ 43,550 ብር ነው። ባለቤቱ ልጅቱን አስጠርተው «ልጄ፣ ገንዘቡ የት ገባ?» ብለው ጠየቋት። እርሷም «ጋሼ፣ የተቀበልሁትን ሁሉ ባንክ አስገብቻለሁ፤ ደረሰኙም አለ» አለች። ዳሩ ግን ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አመሳክሮ የሚያስረዳላት ሰው አልነበረም። በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተች።

ወረቀቱን መሥራት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። የባንክ ማስታረቂያ በየወሩ እንዲሠራ የታዘዘ ሲሆን፣ ሥራ በዝቶብኛል እያልሁ ለአራት ወር አቈይቼው ነበር። ልጅቱ ከሄደች ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቀምጬ ሠራሁት። ነገሩም እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

በባንኩ በኩል፦
የባንኩ መግለጫ የሚያሳየው ቀሪ፦ 442,750 ብር
በወሩ መጨረሻ ቀን ገቢ ተደርጎ ባንኩ በሚቀጥለው ወር የመዘገበው ሲደመር፦ 38,500 ብር
ለአቅራቢ ተጽፎ ገና ለባንክ ያልቀረበ ቼክ ሲቀነስ፦ 12,000 ብር
የተስተካከለ ቀሪ፦ 469,250 ብር

በመዝገባችን በኩል፦
የመዝገቡ ቀሪ፦ 486,300 ብር
ባንኩ የቈረጠው የአገልግሎት ዋጋ ሲቀነስ፦ 1,450 ብር
የአንድ ደንበኛ ቼክ በቂ ገንዘብ የለውም ተብሎ የተመለሰው ሲቀነስ፦ 15,600 ብር
የተስተካከለ ቀሪ፦ 469,250 ብር

ሁለቱ ቀሪዎች እኩል ሆኑ። ከልጅቱ እጅ የጠፋ አንዲት ብር እንኳ አልነበረችም። ጕዳቱ ያለው በሌላ ቦታ ነበር። ቼኩ የተመለሰበት ደንበኛ በጊዜው ስላልተጠየቀ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል፤ 15,600 ብሩም አልተገኘም። ባለቤቱ እውነቱን በሰሙ ጊዜ አዝነው ወደ ቤቷ ሰው ላኩ። እርሷ ግን ሌላ ሥራ እንደ ጀመረች ነግራ፣ አመስግና፣ አልመለስም አለች። እኔም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ ወረቀት ከወሩ ከ5ኛው ቀን ያለፈበት ጊዜ የለም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በመዝገብና በባንክ መካከል ልዩነት መታየቱ ስርቆት አለ ማለት አይደለም፤ የጊዜ ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ማስታረቂያው የሚዘጋጀው ሌባ ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ንጹሑን ከሐሜት ለማዳንም ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚቀበል እጅና መዝገብ የሚጽፍ እጅ አንድ አይሁኑ፤ ማስታረቂያውንም የሚሠራው ገንዘቡን የማይነካ ሰው ይሁን። አንድን ወጣት ገንዘብ ተቀባይም፣ ጸሐፊም፣ ወደ ባንክ አድራሽም አድርጎ ማስቀመጥ ለልጁም ፈተና ነው፤ ገንዘቡ ባይጎድል እንኳ መጠርጠር አይቀርለትም።

5ኛ. የአስመጪና የላኪ ሰነድ

ለአስመጪና ለላኪ ድርጅቶች የሒሳብ ሠራተኛው ጥንቃቄ ከባንክ መግለጫ አልፎ ወደ ሰነድ ይዘልቃል። በባንክ መተማመኛ ሰነድ የሚካሄድ ንግድ በዓለም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመራው በዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ነው። በሥራ ላይ ያለው እትም ቍጥሩ 600 ሲሆን፣ ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። በዚህ ደንብ መሠረት ባንኮች የሚመረምሩት ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ሰነዱ በቀረበለት ማግስት ጀምሮ ባንኩ ለምርመራ የሚኖረው ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው። የመተማመኛው ሰነድ ሌላ ቀን ካልወሰነ፣ ላኪው ዋናውን የዕቃ መጫኛ ሰነድ የያዘውን ጥራዝ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ያም ቢሆን የመተማመኛው ዘመን ሳያልፍ ነው።

አንድ ቡና ላኪ በአንድ ኮንቴይነር 320 ከረጢት፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ፣ በጠቅላላው 19,200 ኪሎ ግራም ቡና ጫነ እንበል። ፋክቱሩ 19,200 ይላል። የአስተሻሸጉን ዝርዝር የጻፈው ሠራተኛ ግን በችኮላ 19,020 ብሎ አስቀመጠው። ቡናው ምሉ ነው፤ ጥራቱም የተመሰከረለት ነው። ቢሆንም ሁለቱ ወረቀቶች ስለሚጋጩ ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም የማለት መብት አለው። ክፍያው ይዘገያል፤ ገዢውም ዋጋ እንዲቀነስለት ለመከራከር ምክንያት ያገኛል።

በዚህ ጊዜ የሚጠቅም አንድ የቆየ የመዝገብ ያዦች ዘዴ አለ። የሁለቱ ቍጥሮች ልዩነት ያለ ቀሪ ለ9 የሚካፈል ከሆነ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደ ሆነ ይጠረጠራል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ልዩነቱ 180 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 20 ይሆናል። ሠራተኛው ይህን ሲያይ 2 እና 0 ቦታ መለዋወጣቸውን ፈልጎ ያገኛል። ይህን የሚያውቅ ወጣት በአንድ ሰዓት የሚያገኘውን ስሕተት የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው ይውላል።

አስመጪውን የሚመለከተው ደግሞ የምንዛሪ ሒሳብ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዕቃው በተመዘገበበት ቀንና ዕዳው በተከፈለበት ቀን መካከል ዋጋው ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ ያህል የ20,000 ዶላር ዕቃ አንዱ ዶላር በ120 ብር ሒሳብ ቢመዘገብ 2,400,000 ብር ነው። በሚከፈልበት ቀን አንዱ ዶላር 125 ብር ቢሆን 2,500,000 ብር ይከፈላል። 100,000 ብሩ የምንዛሪ ልዩነት ኪሣራ ነውና ለብቻው ይመዘገባል። ይህን ሳያስብ የመሸጫ ዋጋ የሚቈርጥ ነጋዴ አተረፍሁ ሲል ከዋናው ይበላል። እንዲሁም በዲክላራሲዮን ላይ የተከፈለው ቀረጥ፣ የትራንዚተሩና የማጓጓዣው ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ካልተደመረ የዕቃው እውነተኛ ዋጋ አይታወቅም።

6ኛ. ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው በተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ የሚሠራው ነው። የታክሱ መደበኛ ልክ 15 በመቶ ነው። ታክሱን ጨምሮ 11,500 ብር የተሸጠ ዕቃ ቢኖር፣ ብዙ ሰዎች የ11,500 ብሩን 15 በመቶ አስልተው 1,725 ብር ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ታክሱ የሚሰላው ከታክሱ በፊት ካለው ዋጋ ስለ ሆነ፣ 11,500 በ1.15 ሲካፈል 10,000 ብር ዋጋው ይወጣል፤ ታክሱም 1,500 ብር ይሆናል። የ225 ብሩ ልዩነት ጥቂት ቢመስልም በየቀኑ ሲደጋገም ትልቅ ገንዘብ ነው። ይህ ታክስም ነጋዴው ለመንግሥት በአደራ የሚሰበስበው እንጂ የራሱ ገቢ አይደለምና፣ ከሽያጩ ጋር ደባልቆ ለዕቃ መግዣ ማዋል በማስታወቂያው ቀን ያስጨንቃል።

ሁለተኛው በደመወዝ ላይ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 560 ብር ሲቀነስበት፣ አሠሪው 880 ብር ይጨምራል። ስለዚህ የዚህ ሠራተኛ ወጪ ለድርጅቱ 8,000 ሳይሆን ቢያንስ 8,880 ብር ነው። ይህን ያላሰበ በጀት ዓመቱ ሳያልቅ ይጎድላል።

7ኛ. የንግድ ቤቱ ድርሻ

እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ ኮሌጁ ሊያስተምር ይችላል። አንድ ነገር ግን ሊያስተምር አይችልም፤ ይኸውም እውነተኛውን ደረሰኝ በእጅ መያዝ ነው። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ደረሰኝ ንጹሕ፣ ቀኑ የተሟላ፣ ቍጥሩ ያልተሰረዘ ነው። በንግድ ቤት ያለው ደረሰኝ ግን ዘይት የነካው፣ ቀኑ የማይነበብ፣ አንዳንዴም የጠፋ ነው። ሥልጠናው ከድርጅቶች ጋር በትብብር እንዲካሄድ የተደረገው፣ ተማሪውም ወደ ሥራ ቦታ እንዲወጣ የታዘዘው ስለዚህ ነው።

ዳሩ ግን ለልምምድ የሚመጣውን ተማሪ ፎቶ ኮፒ እንዲያነሣና ለእንግዳ ቡና እንዲያመጣ አድርጎ፣ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ፈርሞ ማሰናበት በብዙ ቦታ የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ካደረግን በኋላ «ሥራ አያውቁም» ማለት ያልዘራነውን እህል ለምን አልበቀለም ብሎ እንደ መቈጣት ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች መዝገባቸውን ለእንግዳ ሰው ማሳየት ይፈራሉ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ ግን በር መዝጋት አይደለም፤ ሒሳቡ የተዘጋ ያለፈ ዓመት ፋይል መስጠት፣ የደንበኞችን ስም መሸፈን፣ ምስጢር ለመጠበቅ ማስፈረምና አንድ የታመነ ነባር ሠራተኛ እንዲከታተለው ማድረግ ይቻላል።

ለ8 ሳምንት ለሚመጣ ተማሪ የሚከተለውን መርሐ ግብር እናቀርባለን።

በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት የገቢና የወጪ ማዘዣዎችን በቀንና በቍጥር ተራ ያደራጅ፤ የጎደለ ተራ ቍጥር ካለ ያስታውቅ።

በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት የዕቃውን ካርድ ይዞ መጋዘን ይግባ፤ ራሱ ይቍጠር፤ ልዩነቱን በጽሑፍ ያቅርብ።

በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ያለፉ የሁለት ወራት የባንክ ማስታረቂያ ይሥራ፤ ነባሩ ሠራተኛ ከሠራው ጋር ይነጻጸር።

በ7ኛው ሳምንት የደመወዝ ዝርዝርና የታክስ ማስታወቂያ ረቂቅ ያዘጋጅ።

በ8ኛው ሳምንት ያለቀ አንድ የአስመጪ ወይም የላኪ ፋይል ተሰጥቶት ፋክቱሩን፣ የአስተሻሸጉን ዝርዝር፣ የዕቃ መጫኛውን ሰነድና ዲክላራሲዮኑን እርስ በርስ ያመሳክር።

ሠራተኛ ለመቅጠር በምንፈልግበትም ጊዜ የዲፕሎማውን ውጤትና የልምዱን ዓመት ብቻ ከመቍጠር ይልቅ ግማሽ ቀን ፈተና ብንሰጥ ይሻላል። ሃያ ደረሰኝ ሰጥቶ ማስመዝገብ፣ አንድ የቈየ የባንክ መግለጫ ሰጥቶ ማስታረቅ፣ ሆን ተብሎ ስሕተት የገባበት ፋክቱር ሰጥቶ ማስመርመር በቂ ነው። ይህን ያለፈ ወጣት የሁለት ዓመት ልምድ ባይኖረው አይጎዳንም፤ ይህን ያላለፈ ሰው ዐሥር ዓመት ቢሠራም አይጠቅመንም።

8ኛ. ለወጣቶችና ለወላጆች

ለወጣቶች የምንለው ጥቂት ነው። የምዘናውን ወረቀት መያዝ የሥራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በኮምፒዩተር የሚሠራው የሒሳብ ፕሮግራም ድምሩን ያፋጥናል እንጂ የተሳሳተ ደረሰኝ ሲገባበት አይቃወምም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በእጅ መሥራት ይለመድ። የዛሬን ደረሰኝ ለነገ አታሳድሩ። በመዝገብ ላይ የተሳሳተውን አትፋቁ፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ፣ ትክክለኛውን ከላይ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ያልተቀበላችሁትን ገንዘብ ተቀበልሁ ብላችሁ፣ ያልቈጠራችሁትን ዕቃ ቈጠርሁ ብላችሁ ለማንም አትፈርሙ፤ ያዘዛችሁ የድርጅቱ አለቃ ቢሆንም እንኳ ፊርማው የሚጠይቀው እናንተን ነው። የምትፈርሙበትንም ሁሉ ግልባጭ ያዙ።

ወላጆችም ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ አልገባም ብለው ተስፋ መቍረጥ የለባቸውም። በቴክኒክ ኮሌጅ የተጀመረ የሒሳብ ሙያ በሥራና በተጨማሪ ትምህርት እያደገ ከጀማሪነት ወደ ዋና ሒሳብ ሹምነት ሊያደርስ ይችላል።

ክቡራን ነጋዴዎች፣ ከላይ የነገርናችሁ ልጅ ከሥራ የወጣችው ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። የተማረችው በቂ ነበር፤ የጎደለው በእኛ ቤት ሊኖር የሚገባው ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ሠራተኛ ከኮሌጁ ስንጠብቅ፣ ሠልጣኙም ከእኛ የተስተካከለ መዝገብና የሚያስተምር ሰው እንደሚጠብቅ አንርሳ። በዚህ ዓመት እያንዳንዱ የንግድ ቤት በአቅራቢያው ካለ ኮሌጅ አንድ ተማሪ እንኳ ተቀብሎ ስምንቱን ሳምንት በሚገባ ቢያስተምር፣ በሚመጣው ዓመት ሥራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ የሚለው ቅሬታ በጣም እንደሚቀንስ ጥርጥር የለንም።